ሠላሳ አንደኛው ቀን

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። በ12 ዓመት ይበልጠኛል። አሜሪካ የመጣሁት በእሱ ነው፤ መጀመሪያ ያደርኩት ሶፋው ላይ፣ መጀመሪያ የለበስኩት የክረምት ጃኬትም የእሱ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። የምጽፈው ስለ እሱ ገንዘብና ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን አንብቤ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሚል ሳይገባኝ የነገርኩትም እኔው ነኝ። ነገሩን ለወራት ደብቄው ኖሬያለሁ። እንደ እኔ አንድ ቁጥር ይዞ ለቤተሰቡ ምክር ለመስጠት የሚቸኩል ሰው አይጠፋም ብዬ ስላሰብኩ ግን ሳላስቀር ልናገረው።

በ2023 መጨረሻ ላይ ቀን ቀን ፋይናንስ እማራለሁ፣ ማታ ማታ መሀል ከተማ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ እሠራለሁ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት የብሉምበርግ ተርሚናሎች ነበሩት። የባንክና የአክሲዮን ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ አፍጥጠው የሚውሉበት ኮምፒውተር ነው፤ የአክሲዮኑን፣ የቦንዱን፣ የምንዛሪውን ዋጋ ከነታሪኩ ይዟል። ማይክል ብሉምበርግ፣ ኋላ የኒውዮርክ ከንቲባ የሆነው ሰው፣ በ1981 ከሰሎሞን ብራዘርስ ሲሰናበት ባገኘው ገንዘብ የጀመረው ሥራ ነው። አንድ ተርሚናል በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይከራያል። እኛ ተማሪዎች ግን ስማችንን አስመዝግበን በየተራ ለሁለት ሁለት ሰዓት በነፃ እንቀመጥበታለን። ስክሪኑ ጥቁር፣ ጽሑፉ ብርቱካናማ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ቁልፎች አሉት። መጀመሪያ ቀን ስቀመጥበት ጣቶቼን ከቁልፎቹ በላይ አንጠልጥዬ ሳልነካው ቆየሁ። እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ ላይ የሚነበብ ነገር ሁሉ ያለቀለት እውነት ይመስለኝ ነበር።

ከገጾቹ ሁሉ የለመድኩት «ኤችቪቲ» የሚባለውን ነው። የአክሲዮኑን መጠሪያ ፊደላት ትጽፋለህ፤ «ኢኩዊቲ» የምትለውን ቢጫ ቁልፍ ትጫናለህ፤ ኤችቪቲ ብለህ አረንጓዴዋን «ጎ» ትመታለህ። ሠንጠረዥ ይመጣል። ወደ ታች ቀኖች ተደርድረዋል፤ ወደ ጎን ደግሞ የአክሲዮኑ ያለፈ ጊዜ የዋጋ መዋዠቅ በተለያየ የቀን ብዛት ተሰልቶ በየዓምዱ ተቀምጧል። እኔ ሁልጊዜ የማየው የ30 ቀኑን ዓምድ ብቻ ነበር። ለምን 30 እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መምህራችን በምሳሌው 30 ተጠቅሞ ነበር፤ በዚያው ቀረሁ።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። አክሲዮኑ ከትናንቱ መዝጊያ ዋጋ ወደ ዛሬው በስንት በመቶ ተንቀሳቀሰ ብለህ ትጀምራለህ። የ30 የገበያ ቀናትን እንቅስቃሴ ትሰበስባለህ፤ አማካያቸውን ታወጣለህ፤ እያንዳንዱ ቀን ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ትለካለህ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ በዓመት እንዲነገር በዓመቱ የገበያ ቀናት ስኩዌር ሩት ይባዛል። ብሉምበርግ 260 ቀን ይይዛል፤ ስኩዌር ሩቱ 16.12 ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ 16 የሚል ቁጥር ካየህ አክሲዮኑ በተለመደው ቀን በአንድ በመቶ ገደማ ወዲህ ወዲያ ይላል ማለት ነው፤ 32 ካየህ በሁለት። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌዋለሁ።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ጋሼ እቁብ ደረሰው። 15 ሺህ ዶላር። ታክሲዋ አርጅታለች፤ በጸደይ ሊቀይራት ነው ያሰበው። አንድ ማታ ከሥራ ሊያደርሰኝ መጥቶ መኪናው ውስጥ ሆነን «ይኼ ብር እስከ ኤፕሪል ዝም ብሎ ባንክ ከሚተኛ ትንሽ ነገር ቢወልድ ምን ይመስልሃል? አንተ እኮ የምትማረው ይኼንኑ ነው» አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ከመጣሁ ጀምሮ የሚሰጠኝ እሱ፣ የምቀበለው እኔ ነኝ። አሁን እኔ የምሰጠው ነገር ሊኖር ነው።

በልቤ የያዝኩት አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ነበር። ስሙን አላነሳም፤ ጥፋቱ የኩባንያው አይደለም። ኦክቶበር 26 የሩብ ዓመት የትርፍ ሪፖርቱ ገበያውን አስደንግጦ በአንድ ቀን 18 በመቶ ወርዶ ነበር። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ወርዷልና ርካሽ ነው እያልኩ በየሁለት ቀኑ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ኤችቪቲን አያለሁ። ቁጥሩ 60፣ 61፣ 62 እያለ ስድስት ሳምንት እዚያው ቆመ። ገና አልበረደም፣ አልነካውም እላለሁ። ራሴን ጠንቃቃ ሰው አድርጌ ነው የማየው።

ሐሙስ ዲሴምበር 7 ቁጥሩ 62.4 ነበር። ዓርብ ማታ፣ ገበያው ከተዘጋ በኋላ፣ እንደገና አየሁት። 22.7 ይላል። ዓይኔን አሽቼ አየሁ። ያው 22.7 ነው። ልቤ ዘለለ። በረደ! አልኩ። አውሎ ነፋሱ አልፏል፤ አክሲዮኑ ወደ ልቡ ተመልሷል፤ ይህንን ያየሁት ደግሞ ገና በመጀመሪያው ማታ ነው። የዚያን ዕለት አክሲዮኑ ምን አደረገ ብዬ ዋጋውን ብመለከት ኖሮ ምንም እንዳላደረገ አየው ነበር። ግማሽ በመቶ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ምንም ባልሆነበት ቀን እንዴት አንድ ቁጥር ከ62 ወደ 22 ይወድቃል? ይህ ጥያቄ በአእምሮዬ አላለፈም። አለማለፉ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ምሳ በላን። ቡና ተፈላ። የአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ 62.4 ጻፍኩ፤ ከሥሩ 22.7 ጻፍኩ፤ በመሃላቸው ወደ ታች የሚወርድ ቀስት ሰራሁ። «ተረጋግቷል» አልኩት። ጋሼ ፖስታውን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ቀስ ብሎ «22.7 ማለት ምን ማለት ነው?» አለ። እኔም አፌን ሞልቼ «ቢወርድ ቢወርድ በዓመት 22 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ያንተ ደግሞ አራት ወር ብቻ ስለሆነ ከዚያም ያነሰ ነው» አልኩ።

ይህ አባባል በራሱ ስህተት ነው፤ ከመጀመሪያው ስህተት አይተናነስም። ቁጥሩ ወለል አይደለም፤ ከዚህ በታች አይወርድም የሚል ተስፋ ማንም አልሰጠም። መጽሐፉ ላይ እንዳለው ዋጋ በተስተካከለ የደወል ቅርጽ ቢሄድ እንኳ ከሦስት ዓመት በአንዱ ገደማ እንቅስቃሴው ከዚያ ቁጥር ያልፋል፤ ወደ ላይም ሊሆን ይችላል፣ ወደ ታችም። እውነተኛው ገበያ ደግሞ በዚያ ቅርጽ አይሄድም። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የኒውዮርኩ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወድቋል፤ እኔ ለአንድ ዓመት የመደብኩት መውረድ በአንድ የሥራ ቀን አለቀ ማለት ነው። ይህንንም ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ግን የተማርኩት ለፈተና እንጂ ለጋሼ እንደሆነ አልመሰለኝም ነበር።

የወንድሜ ሚስት ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች «ለመኪናዋ የተቀመጠ አይደል እንዴ?» አለች። ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር የነበረው ይህ ብቻ ነው። ፖስታውን ወደ እሷ አዙሬ ቀስቱን አሳየኋት። ዝም አለች። ጋሼ ስልኩን ሰጠኝ። ግዛ የምትለውን የተጫነችው የእኔ ጣት ናት።

ጃንዋሪን ሙሉ አክሲዮኑ ቀስ እያለ አራት በመቶ ጨመረ። ጋሼ በሳምንት አንዴ ይደውልና «እንዴት ነው ልጃችን?» ይለኛል፤ አክሲዮኑን ነው። እኔም እንደ ትልቅ ሰው «ደህና ነው» እለዋለሁ። ጃንዋሪ 31 ማታ ኩባንያው ቀጣዩን የሩብ ዓመት ሪፖርት አወጣ። የመኪና ማቆሚያው ገንዘብ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ስልኬን ከጠረጴዛው በታች ይዤ ዋጋው ሲወርድ አየሁ። በማግስቱ ገበያው ሲዘጋ 21 በመቶ ወርዷል። ጋሼ ደወለ፤ ሰው አሳፍሮ ነበር መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆነ?» አለኝ።

«ገበያ ነው ጋሼ፤ ይኼን ማንም ሊያውቅ አይችልም» አልኩት።

«እሺ፤ አይዞህ» አለኝ። እሱ እኔን አጽናናኝ። በነጋታው ሸጠው። 2,700 ዶላር ገደማ ጎድሏል። እሱ ይህን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ሌሊት እንደሚነዳ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹን ሌሊቶች ከጎኑ ተቀምጬ አይቻቸዋለሁና።

ማንም ሊያውቅ አይችልም ያልኩት ውሸት መሆኑን ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ወርጄ ኤችቪቲን ከፈትኩ። የ30 ቀኑ ዓምድ 73 ይላል። ወደ ኋላ እየተመለስኩ ወረድኩ፤ ጃንዋሪ ላይ ቁጥሩ 22 ወይም 23 ነው፤ ዲሴምበር ላይም 22፤ ከዚያ ድንገት ዲሴምበር 7 ላይ 62። እስከ ኦክቶበር 26 ድረስ ረድፉ ሁሉ ስልሳ ምናምን ነው። ከኦክቶበር 26 አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ እንደገና 22። እርሳስ አውጥቼ ስልሳዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ጫፉን ስክሪኑ ላይ እያስነካሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሠላሳ ናቸው። አላመንኩም፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ።

እግሬ ዛለ። «ኤችፒ» ብዬ የዕለት ዋጋዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ውስጥ አክሲዮኑ አንድም ቀን ከልማዱ ውጭ አልሄደም፤ አንድ ወይም አንድ ተኩል በመቶ ወዲህ ወዲያ ከማለት በቀር። ከመጀመሪያዋ ቀን፣ ከኦክቶበር 26 በቀር። ስልሳውን ሁሉ የተሸከመችው እሷ ብቻዋን ነበረች። ሠላሳ ቀን በሒሳቡ ውስጥ ቆየች፤ በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ዲሴምበር 8፣ ከኋላ በኩል ወጣች። እኔ በረደ ያልኩት ያን ነው። ስሌቱ ያቺን ቀን ረሳት፤ አክሲዮኑ ግን ያው የድሮው አክሲዮን ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጣቴ ቆጥሬ ደረስኩበት። ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያወጣሉ፤ በሁለት ሪፖርቶች መካከል 63 ገደማ የገበያ ቀናት አሉ። 30 ቀን ብቻ የሚያይ ቁጥር ካለፈው ሪፖርት ከ30 ቀን በኋላ፣ ከሚመጣው በፊት ሲቀመጥ ሁለቱንም አያያቸውም። እኔ ገንዘቡን ያስገባሁት ልክ በዚያ ዕውር ቦታ ላይ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የታየኝ ያለፈው ድንጋጤ ስለተረሳና ቀጣዩ ስላልደረሰ ነው። ከጎኑ የ90 ቀኑን ዓምድ ባይ ኖሮ በዚያው ዓርብ ማታ 40 ገደማ ይለኝ ነበር። ያ ዓምድ ከዓይኔ ጣት ያህል እንኳ አይርቅም።

ነገሩ አዲስ አለመሆኑ የበለጠ አሳፈረኝ። በሙያው ያሉ ሰዎች ከድሮ ጀምረው ያውቁታል። ጄፒ ሞርጋን በ1994 ሪስክሜትሪክስ ብሎ ባወጣው ዘዴ ያለፉት ቀናት በአንድ ጊዜ ከሒሳቡ አይጣሉም፤ የትናንቱ ክብደት ዛሬ በ0.94 ይባዛል፣ ነገ እንደገና በ0.94፤ እንዲህ እያለ አንድ መጥፎ ቀን ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ ሠላሳ አንደኛው ቀን ላይ በሩን ዘግቶ አይወጣም። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ሜታ፣ የፌስቡክ ባለቤት፣ ሪፖርቱን ባወጣ ማግስት 26 በመቶ ሲወርድ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ በአንድ ቀን አጥቷል። ያንን ቀን በወረቀት ላይ አሰላሁት። ያቺ አንዲት ቀን ብቻዋን የ30 ቀኑን ቁጥር ወደ 90 ታደርሰዋለች፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ድርሻዋን ይዛ ውልቅ ትላለች። ያን ቁጥር ብቻ አይቶ ሜታ ተረጋጋ ያለ ሰው ቢኖር የእኔ ቢጤ ነው።

ኪቦርዱ ላይ «ሄልፕ» የምትል ቁልፍ አለች። አንዴ ስትጫናት ያለህበት ገጽ እንዴት እንደሚሰላ የሚያብራራ ጽሑፍ ይከፈታል፤ ሁለቴ ስትጫናት ቀንም ሆነ ሌሊት ሰው ይመልስልሃል። በዚያ ዓርብ ማታ ቁልፏ ከጣቴ አጠገብ ነበረች። ሁለቴ ብጫናትና «ይህ ቁጥር ለምን በአንድ ቀን ወደቀ?» ብዬ ብጽፍ የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር። ያልተጫንኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ አፈርኩ። ሁለተኛውን ለመናገር ይከብደኛል። መልሱ ደስታዬን እንዳያበላሸው ፈራሁ። አላወቅኩትም ነበር ስል የኖርኩት ነገር በከፊል ማወቅ ያልፈለግኩት ነው።

ለጋሼ ወዲያው መንገር ነበረብኝ። ፌብሩዋሪ አለፈ፣ ማርች አለፈ። ኤፕሪል ላይ የጎደለውን በዱቤ ሞልቶ ያገለገለች መኪና ገዛ። እየነዳ ወደ ቤት ሲያደርሰኝ ስለ መኪናዋ ነው የሚያወራው፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። «ማንም ሊያውቅ አይችልም» የምትለዋን ቃል በየቀኑ እሰማታለሁ። እሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ በዚህ ሀገር አቆጣጠር ጁላይ 29 ቀን 2024፣ ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ዓርብ ዶላሩ በ57 ብር ገደማ ነበር፤ ሰኞ ንግድ ባንክ 74 ብር አለ። የሀገሩ ሰው ስልክ ሁሉ ያን ቀን ተያዘ። ጋሼም ደወለልኝ፤ ለእናታችን በየወሩ የሚልከው እሱ ነው። «አየህ አይደል ብሩ የሆነውን?» አለ። እኔ ደግሞ ያኔ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ፤ ከብሩ ዜና የተነሳ የብርን የምንዛሪ ታሪክ ከፍቼ ያንኑ የመዋዠቅ ቁጥር እያየሁ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከምንም የማይቆጠር ቁጥር ነው። በዓለም ላይ እንደ ብር የተረጋጋ ገንዘብ የለም የሚያሰኝ ቁጥር።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እኔ ያኔ ያታለልኩህ ነገር አለ።»

ምላሴ እየተሳሰረ ነገርኩት። ስለ ሠላሳው ቀን፣ ስለ ሠላሳ አንደኛው፣ ስለ ፖስታው፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ስላልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ «ቅዳሜ ና፤ ቤት እናውራ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ተቆጥቶ ይሁን አልገባኝም። እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ ሥራ በዛበትና ቀጠሮው ተራዘመ፤ የተገናኘነው ነሐሴ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ዶላሩ 100 ብር ደርሷል።

ስገባ ቡናው ቀርቧል። ጋሼ አንድ ሰማያዊ ደብተር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠርዙ ተበልቷል፤ በጎማ ታስሯል። በየወሩ ወደ ቤት ሲልክ የሚጽፍበት ነው፤ ቀን፣ የዶላሩ ብዛት፣ ምንዛሪው። በባንክ የላከው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። በጎን በኩል፣ በእርሳስ፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ስንት እንደነበር ጽፏል። «በል፤ ያን የነገርከኝን ሒሳብ በዚህ ላይ ሥራልኝ» አለኝ።

ላፕቶፔን አወጣሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ሰማያዊ ቁጥሮች እሱ እያነበበልኝ አስገባሁ። 52፣ 52 ከምናምን፣ 53፤ እንዲህ እያለ እስከ 57። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብር ይወርዳል። በወር ስለሆነ በ12 ስኩዌር ሩት፣ በ3.46 አባዛሁት። ከ2 በመቶ በታች ወጣ። ለምን እንዲህ እንዳነሰ ነገርኩት፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከአማካዩ መራቅን ነው የሚለካው፤ በየወሩ እኩል እኩል የሚሰምጥ ነገር ከአማካዩ ስለማይርቅ ለዚህ ሒሳብ የቆመ ያህል ነው። የስዊስ ፍራንክንም ነገርኩት። ማዕከላዊ ባንኩ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት ነበር፤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ሲለቀው ዩሮው በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። ከዚያ በፊት የነበረው የመዋዠቅ ቁጥር የባንኩን እጅ እንጂ የፍራንኩን ጠባይ አልለካም። ከዚያ የነሐሴውን 100 ብር አንድ መስመር አድርጌ ጨመርኩ። ከ2 በታች የነበረው ቁጥር ወደ 40 ዘለለ።

ጋሼ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ስክሪኑን አየ። «ከመዝለሉ በፊት ከ2 በታች ነበር አልከኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ብሩ ደህና ነው ብዬ አላውቅም።» ጣቱን በእርሳስ በተጻፉት ቁጥሮች ላይ አሳረፈ። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት በነበሩት ወራት የባንኩን እጥፍ ያህል ናቸው።

«ይህን እንዴት አወቅክ?» አልኩት።

«እጠይቃለሁ እንጂ። ለእማዬ ስደውል የጤፍ ዋጋ እጠይቃታለሁ። ላኪውን እጠይቃለሁ። አብሮኝ የሚነዳውን እጠይቃለሁ።» አነጋገሩ ውስጥ ነቀፋ የለም፤ እንዲያው የሚያደርገውን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ያቺ ሄልፕ የምትል ቁልፍ ትዝ አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ፍንጃሉን አነሳች፤ ማን እንደሚያደርሰኝ ጠየቀች፤ ለራት ቆይ አለችኝ።

ጋሼ የዚያን ወር ገንዘብ ጠዋት ልኮ ነበር። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «በል፤ የዛሬውን አንተ ጻፍ» አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ቀኑን ጻፍኩ። የዶላሩን ብዛት ነገረኝ፤ ጻፍኩ። ምንዛሪውን ከስልኬ አይቼ ልጽፍ ስል እጄን ያዘኝ።

«እሱ የየትኛው ባንክ ነው?» አለ። «የጠዋቱ ነው ወይስ የአሁኑ?»

አላወቅኩም። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ደወልኩ።